የምትቀቢውን አሳዪኝ

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተንጋላ ዓይኗን ጨፍናለች። ፎጣው ደረቷ ላይ ተነጥፏል፣ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተሸብቧል፣ ጥግ ላይ ያለው የእንፋሎት ማሽን መትነን ጀምሯል። ታኅሣሥ ሊወጣ ጥቂት ቀን የቀረው የባሕር ዳር ጠዋት ነው። ከመስኮቱ ባሻገር፣ በዘንባባዎቹ መሐል፣ ጣና እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። የልጅቷ ሠርግ ጥር ውስጥ ነው፤ ሦስት ሳምንት አይሞላውም። በሁለቱ ጉንጮቿና በግንባሯ ላይ ቡናማ ጥላ ተዘርግቷል፦ ማድያት። ስትገባ «እስከ ሠርጌ ይጥፋልኝ እንጂ ስለ ገንዘቡ አታስቢ» ስትል ሰምቻታለሁ። እኔ ለቅንድብ ሄጄ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።

ባለሙያዋ ማሽኑን አጠፋችው። «ተነሺማ እታለም፤ እስኪ ወደ መስኮቱ ነዪ።» ልጅቷ ግር እያላት ተነሣች። ባለሙያዋ ፊቷን በቀን ብርሃን ከግራም ከቀኝም አየችው፤ በእጇ ጀርባ ጉንጯን ነካ አደረገች፤ ከዓይኗ ሥር ያለውን ቆዳ ቀረብ ብላ አጤነች። ከዚያ «የምትቀቢውን አሳዪኝ» አለቻት።

ከቦርሳው ሦስት ነገር ወጣ። አንዱ ጫፉ የተጠቀለለ የመድኃኒት ቱቦ ነው። ሁለተኛው በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈበት፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይናገር ነጭ ብልቃጥ። ሦስተኛው ስም የለውም፤ ሮዝ ቅባት የያዘ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ። «ይቺን ጓደኛዬ ናት ቀላቅላ የሰጠችኝ» አለች ልጅቷ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ይቺኛዋን ኮራ ብላ እያሳየች። ባለሙያዋ ቱቦውን ገልብጣ አነበበች። ክሎቤታሶል።

«ዛሬ ፊትሽን አልነካውም።»

ልጅቷ ተቆጣች። «ታዲያ እዚህ ምን ልሠራ መጣሁ?» አለች፤ ፎጣውን ከአንገቷ ላይ አወለቀች፣ ግን ቶሎ አልወጣችም። እኔም ከዚያ ቀን በፊት የውበት ባለሙያን ብልሃት በምትጠቀመው ክሬምና በማሽኗ ዓይነት ስለካ የኖርሁ ሰው ነበርሁ። አላደርግም ማለት የሙያው አካል መሆኑን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ከቆዳ ሐኪም በር ይልቅ የሳሎን በር ይቀርባል። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚያህሉ ሆስፒታሎች አሉ። ይሁንና ፊቷ ላይ ነገር የወጣባት ሴት መጀመሪያ ጎረቤቷን፣ ቀጥላ ፋርማሲውን፣ ከዚያ ሳሎኑን ታማክራለች፤ ሐኪም ፊት የምትቀርበው ሁሉም እጁን ካሳረፈበት በኋላ ነው። ስለዚህ ወደድንም ጠላንም የመጀመሪያዋ የቆዳ መርማሪ የውበት ባለሙያዋ ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ በደማቅ መብራት፣ ከስንዝር ርቀት የሰው ፊት የሚያይ ሌላ ማን አለ? ሐኪም እንኳን ይህን ያህል ጊዜ የለውም።

የቆዳ ሐኪም የሚሠራውን ላስተዋለ፣ መድኃኒት መጻፉ የመጨረሻው ነገር ነው። አስቀድሞ ያያል፣ ይዳስሳል፣ ይጠይቃል። መቼ ጀመረሽ? ከየት ተነሥቶ ወዴት ሄደ? ማታ ማታ ያሳክካል? ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለበት? እርጉዝ ነሽ? የወሊድ መከላከያ ትወስጃለሽ? ማድያት ላይ የኋለኞቹ ሁለቱ የወሬ ጥያቄ አይደሉም። ማድያት በትውልድ የሚወረስ ዝንባሌ፣ ሆርሞንና ብርሃን ተባብረው የሚሠሩት ነገር ነው። እርግዝና ይቀሰቅሰዋል፣ የመከላከያ እንክብል ሊቀሰቅሰው ይችላል፣ ፀሐይ ትመግበዋለች፤ ሙቀትም ያባብሰዋል። እንግዲህ የእንፋሎት ማሽኑ የጠፋው ለዚህ ነው።

ሦስት ሳምንት ለምን እንደማይበቃም ቆዳው ራሱ ይናገራል። ከሥር የተወለደ ሕዋስ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ በወጣት ሰው ላይ እንኳ አራት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይረዝማል። ቀለሙ ከላይኛው ንጣፍ አልፎ ወደ ታች ከሰረገ ደግሞ ወራትም አይበቁትም። «በሳምንት ይለቃል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ የሚለቀው ቀለሙ ሳይሆን ቆዳው ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ይጠቁራል። ሜላኒን የሚሠሩት ሕዋሳት ቁጥር በጥቁርም በነጭም ሰው ላይ ያው ነው። ልዩነቱ የሚያፈሱት ቀለም መጠንና አበታተን ላይ ነው። ጠይም ቆዳ በተጫረ፣ በተቃጠለ፣ በተጨመቀ ቁጥር እነዚህ ሕዋሳት ቀለም ይረጫሉ፤ ቡግሩ ሄዶ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቀራል። አንድ ነጭ ቆዳ ቀልቶ በሁለት ቀን የሚረሳው የኬሚካል ልጣጭ፣ ባሕር ዳር ላይ የስድስት ወር ጥቁረት ትቶ ሊሄድ ይችላል። ከውጭ የመጡት ማሽኖችና ፈሳሾች መመሪያቸው ብዙውን ጊዜ ይህን ቆዳ አስቦ አልተጻፈም። ሐኪሞች የቆዳ ዓይነት የሚለዩበት የፊትዝፓትሪክ ሚዛን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ አራቱን ፈካ ያሉ ዓይነቶች ብቻ ነበር የያዘው፤ ቡናማውና ጥቁሩ አምስተኛና ስድስተኛ ሆነው የተጨመሩት በኋላ ነው። መጻሕፍቱ «ቀይ ሆኖ ይታያል» የሚሉት ቁጣ በእኛ ላይ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኖ ነው የሚታየው፤ አንዳንዴም በዓይን አይገኝም። ባለሙያዋ በእጇ ጀርባ ጉንጩን የነካችው ትኩሳቱን ልትሰማ ነው።

ስለ ፀሐይዋ ካነሣን፣ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከምድር ወገብ ያለን ርቀትም አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጨረሩ መለኪያ 11 ሲደርስ «እጅግ ከፍተኛ» ይለዋል፤ በጠራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እዚህ ከተማ ይህን ቁጥር ማየት ብርቅ አይደለም። ብዙ ሰው ግን ጥፋቱን በሐይቁ ላይ ይለጥፋል፤ «የውኃው ነጸብራቅ ነው ያጠቆረኝ» ይላል። ጣና እዚህ ላይ ያለ ስሙ ነው የሚታማው፦ ውኃ ከሚያርፍበት አልትራቫዮሌት የሚመልሰው ከ10 በመቶ ያነሰውን ነው። የሚያጠቁረው ከላይ የሚወርደው ነው፤ ጀልባ ላይ ጥላ የለማ።

ይህን በራሴ ፊት ተምሬዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ወደ ዘጌ ለመሻገር በተነሣንበት ቀን ጠዋት «ፊት ያጠራል» ተብሎ ሎሚ አሸሁ። ሳልታጠብ ጀልባ ላይ ወጣሁ። በማግስቱ ፊቴ ተቃጠለ፤ በሳምንቱ ጭማቂው ከግንባሬ ወደ ጉንጬ የፈሰሰበት መንገድ ሁሉ ጥቁር መስመር ሆኖ ወጣ። ለስድስት ወር ያህል የዓባይን ካርታ ፊቴ ላይ ይዤ ዞርሁ። ማንም አልበደለኝም፤ የገዛ እጄ ሥራ ነው። ኋላ እንደተረዳሁት ሎሚ ውስጥ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ። አሲድነቱም ቀላል አይደለም፤ የጤነኛ ቆዳ የአሲድ መጠን አምስት ገደማ ሲሆን ሎሚ ሁለት ገደማ ነው፤ ይህም ማለት ብዙ መቶ እጥፍ ይበረታል። ልብስ ማጠቢያ ሳሙና ደግሞ በተቃራኒው ወደ ዘጠኝና ዐሥር ይወጣል። ጠዋት በሳሙና ፈግፍጎ፣ ማታ በሎሚ አሽቶ፣ «ቆዳዬ ምን ሆነ?» ማለት ቤቱን በራስ እጅ እያፈረሱ ጣሪያው አፈሰሰ እንደማለት ነው።

ወደ ሦስቱ ዕቃዎች እንመለስ። ክሎቤታሶል ሐኪም ለከባድ የቆዳ ቁጣ የሚያዘው፣ ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ የበረታ መድኃኒት ነው። መመሪያው ከሁለት ተከታታይ ሳምንት በላይ እንዳይቀባ፣ ፊት ላይም እንዳይውል ይከለክላል። ልጅቷ ስምንት ወር ፊቷን ቀብታዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርግጥ ያምራል! ይፈካል፣ ይለሰልሳል፣ ቡግሩም ይጠፋል፤ ወጥመዱ እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይታያሉ፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ በአፍ ዙሪያ ሽፍታ ይወጣል። ሲያቆሙት ፊት እንደ ረመጥ ይነዳል፤ ስለዚህ ተመልሰው ይቀቡታል። ፊቱ ላይ ያለው ነገር መጀመሪያውኑ ጭርት ከነበረ፣ ስቴሮይዱ ክቡን ምልክት ደምስሶ ከሥር እንዲስፋፋ መንገድ ይጠርግለታል። ይህን ዓይነት ቆዳ ላይ ስክራብ ማሸት ወይም ልጣጭ መቀባት እርጥብ ወረቀት በሞረድ እንደማለስለስ ነው።

ሮዝዋን ቅባት ማንም አልመረመራትም፤ ይሁን እንጂ «ቅልቅል» የሚባለው ነገር የዘር ሐረግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1975 አልበርት ክሊግማንና ባልደረባው 5 በመቶ ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ አንድ ላይ አዋሕደው ማድያትን የሚያፈካ ቀመር አወጡ። (ክሊግማን በፊላደልፊያ እስር ቤት በእስረኞች ቆዳ ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ስሙ የጎደፈ ሰው ነው፤ የቆዳ ሕክምና ታሪክ ንጹሕ ብቻ አይደለም።) ሐኪም ያንን ቀመር ለተወሰኑ ሳምንታት፣ እየተከታተለ ይሰጣል። ከጓዳ የሚወጣው ቅልቅል ግን መጠኑን የሚያውቀው የለም። ሃይድሮኪኖን ለዓመታት ሲቀባ የሚያመጣው ሰማያዊ አመድማ ጥቁረት ከያዘ በኋላ ለማስለቀቅ እጅግ ያስቸግራል። ደቡብ አፍሪካ ይህን በሰፊው አይታ እ.ኤ.አ. በ1990 ከውበት ቅባቶች ውስጥ ከለከለችው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ተከተለ። ይዘቱ ያልተጻፈበት ነጭ ብልቃጥ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ያስነሣል፦ ሜርኩሪ። ቀለም እንዳይሠራ ያግዳል፣ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፣ እናቲቱ ያቀፈችው ሕፃንም ላይ ይደርሳል።

አገራችን ሕግ የላትም እንዳይባል፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችንም በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል። ሕጉ ግን ቦርሳ አይፈትሽም። ቦርሳው የሚከፈተው ሳሎን ውስጥ ነው።

አሁን ከፊት ወደ እግር እንውረድ፤ ቆዳን መንከባከብ ራሱ ሕክምና ለመሆኑ ትልቁ ማስረጃ ያለው እዚያ ነውና፣ ያውም በዚሁ በጎጃም ምድር። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚያርስ ገበሬ፣ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኙ ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው ይገቡበታል። ከውስጥ ያቆጣሉ፣ የሊምፍ መተላለፊያውን ይዘጋሉ፣ እግሩ ያብጣል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ። በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው እንዳለበት ይገመታል። ያበጠው እግር ቆዳው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ጀርም ሲገባ በሽተኛው ትኩሳት ይዞት ለቀናት ይወድቃል። ይህ ውድቀት በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

ተመራማሪዎች በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን ይዘው ሙከራ አደረጉ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሔልዝ ላይ ወጣ። ለግማሾቹ የተሰጣቸው አዲስ መድኃኒት አልነበረም። እግር መታጠብ፣ ጀርም በሚገድል ውሕድ መንከር፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነበር። የትኩሳቱ ውድቀት ባልታከሙት ሰዎች ዘንድ በአማካይ በዓመት ወደ 24 ጊዜ ሲመጣ፣ በታከሙት ላይ ወደ 19 ወረደ። አምስት የአልጋ ጊዜ ማለት ለገበሬ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሌላ ጥናት ደግሞ በእግር መንከሪያው ውኃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨምረው ውኃውን ሲቀንሱ ቆዳው እርጥበቱን ይበልጥ ያዘ። ውኃ ብቻውን ቆዳን ያደርቃል፤ የሚጠብቀው ከታጠቡ በኋላ፣ ሳይደርቅ የሚቀባው ነው።

የውበት ባለሙያ ከዚህ የምታገኘው ነገር ግልጽ ይመስለኛል። ማጠብና መቀባት ተራ ነገር አይደለም፤ በትክክል፣ በተራው፣ በየቀኑ ሲደረግ ሕክምና ነው። የቆዳ ሐኪሞች «አጥር» የሚሉት የላይኛው ስስ ንጣፍ ሳይፈርስ ማቆየት ከሁሉ ይቀድማል፤ የደመቀ ፊት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳሎኖቻችን ብዙዎቹ ከፀጉር ቤት ያደጉ ስለሆኑ ይህ አጥር የሚባለው ነገር በሥልጠናው ላይ ጎልቶ ሲነገር አልሰማሁም። የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ያለፈች ልጅ እንኳ ስለ ክሬም ስም እንጂ ስለ አጥር ስትጠየቅ ትደናገራለች። ይህ የእርሷ ጥፋት አይደለም።

ከዚያ ደግሞ ጭራሽ የውበት ጉዳይ ያልሆኑ ነገሮች በውበት በር ይገባሉ። አፍንጫ ጫፍ ላይ ወይም ጉንጭ ላይ ወጥቶ ለወራት የማይሄድ፣ የማያም፣ የሚያብጥ እብጠት ቡግር ላይሆን ይችላል። በአማራ ክልል ደጋማ አካባቢዎች ቁንጭር የሚባለው አለ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ሽኮኮ ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው የቆዳ ሌሽማኒያ። ቢጨመቅም ቢተኮስም አይድንም፤ ለሐኪም ካልቀረበ ፊትን ያበላሻል። ሌላዋ ደንበኛ ክንዷ ላይ የነጣ ክብ ይዛ «ሸፍኚልኝ» ብላ ትመጣለች። ቋቁቻ ሊሆን ይችላል፤ ለምጽም ሊሆን ይችላል። ግን ባለሙያዋ የጥጥ ጫፍ ወስዳ «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ስነካሽ ንገሪኝ» ብትላትና ደንበኛዋ የነጣው ላይ መነካቷን ባትሰማ፣ ነገሩ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። በሽታው አልጠፋም፤ ዛሬም በኢትዮጵያ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር አዲስ ሕመምተኛ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚሁ በሽታ የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ማዕከል የቆዳ ሐኪሞች ማሠልጠኛ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጊዜ ከተያዘ ጣት ሳይቆረጥ፣ ዓይን ሳይጠፋ በእንክብል ይድናል። ጥጥ ደግሞ በየሳሎኑ አለ።

እከክም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 በነበረው ድርቅ በአማራ ክልል ተዛምቶ፣ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ታይቶ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ገደማ ተገኝቷል። ድርቁ አለፈ፣ ፎጣ መዋዋስ ግን አላለፈም። «ማታ ማታ ጣቶቼ መሐል ያሳክከኛል» የምትል ደንበኛ ማሳጅ አልጋ ላይ አትወጣም። ምች የመታት፣ ከንፈሯ ላይ ውኃ የቋጠረባትም ዕለቱን ፊቷ አይነካም፤ ምቹን ያመጣው ቫይረስ በስክራብ ወደ መላው ፊት ይዛመታልና። ይህን ለደንበኛ መንገር ይከብዳል፤ ምች በቤት ዳማከሴ የሚታሽለት ነገር እንጂ ፊሻል የሚያስቀር ነገር ተደርጎ አይቆጠርም።

ፔዲኪዩር የሚሠሩት ልጆች አንድ ታሪክ ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የታየውን ቁስል የእግር ኳስ ጉዳት መስሎት ነበር። ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር ነው፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ካንሰሩ በጥቁር ሰው ላይ ሲመጣ የሚመርጠው መዳፍን፣ የእግር ውስጥን፣ የጥፍር ሥርን ነው፤ ፀሐይ የማያየውን ቦታ። ጥፍር ላይ አዲስ የመጣ፣ የሚሰፋ፣ ወደ ዳር ሥጋው የፈሰሰ ጥቁር መስመር በቀለም አይሸፈንም።

የባህላችንን ነገር በጅምላ ማውገዝም በጅምላ ማወደስም አልችልም። ወይባ ጢስን ውሰዱ። በደንቡ ሲደረግ ሴቲቱ ከአንገቷ በታች ተጎናጽፋ ነው የምትታጠነው፤ ፊቷ ውጭ ነው። ማድያትን ሙቀት እንደሚያባብስ ሳይጻፍ በፊት አያቶቻችን ፊትን ማውጣታቸው ይገርመኛል። አሁን አሁን ግን ፊትንም ጨምረው፣ መስኮት በሌለው ክፍል የሚያጥኑ አሉ። ጢሱ መውጫ ካጣ መርዝ ነው፤ ለእርጉዝ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። እንሶስላ ሙሽራን ሲያቀላ ኖሯል፤ ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ጥቁር ሂና ግን ቆዳ የሚልጥ አለርጂ ያመጣል። ከሁለቱ የአያቶቻችን ይሻላል። ለጋ ቅቤ ለፀጉር ጥሩ ነው። ቀልጦ ግንባር ላይ ሲወርድ ግን ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ጥቃቅን ቡግር ያወጣል። አሜሪካ ውስጥ በጥቁሮች ላይ የፀጉር ቅባት ያመጣው እንዲህ ያለ የግንባር ቡግር እ.ኤ.አ. በ1970 በሐኪሞች ተመዝግቧል። ስለዚህ ግንባሯን ቡግር ላስቸገራት ሴት የመጀመሪያው ጥያቄ «ፀጉርሽን ምን ትቀቢያለሽ?» ነው። የፊት ክሬም ሻጭ ይህን አይጠይቅም።

ስለ ንጽሕና ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ጥቂቱ ያደርገዋል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን ይኖራል። ቡግር ማውጫውን ብረት በአልኮል ጠረግ ማድረግ ማምከን አይደለም። አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ያላት ሳሎን አንዱን ብረት ለአንዱ ሰው አምክና ትጠቀማለች። የሌላት ደም የሚያወጣ ሥራ ባትሠራ ይሻላል። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ ዐሥር ደቂቃ መንከር ዕቃን ለመያዝ ያስተማምናል፤ ማምከንን ግን አይተካም።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ባለሙያዋ ልጅቷን ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ወረቀት አውጥታ የሦስቱን ዕቃዎች ስም፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀቡ፣ መቼ እንደተጀመሩ ጻፈች። ስም የሌላትን «ሮዝ፣ ያልታወቀ» አለቻት። «ይህን ይዘሽ ሆስፒታል ወደ ቆዳ ክፍል ሂጂ። ቱቦውን ዛሬውኑ በራስሽ አትጣዪው፤ እንዴት እየቀነሱ እንደሚያቆሙት እነሱ ይነግሩሻል። ሁለቱን ግን አትንኪያቸው።» ቀጥላ የፀሐይ መከላከያ አሳየቻት፤ ቀለም የተቀላቀለበትን፣ የብረት ኦክሳይድ ያለውን። ምክንያቷን ስትነግራት እኔም አዲስ ነገር ተማርሁ፦ ጠይም ቆዳን አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ያጠቁረዋል፤ ነጩ መከላከያ ያንን አያግድም፣ ባለቀለሙ ያግዳል። ዋጋውን ሰምታ ልጅቷ ፊቷን አጨፈገገች። «ካልቻልሽ ጃንጥላ ያዢ» አለቻት ባለሙያዋ፤ «ቅዳሜ ገበያ ያሉት እናቶች የሚይዙትን።»

«ሠርጌስ?»

«ለሠርግሽ ሜካፕ አለ። ያን ቀን በነጻ እሠራልሻለሁ።»

ገንዘብ አልተቀበለችም። እዚህ ላይ አልስማማም። አርባ ደቂቃ አይታለች፣ ጠይቃለች፣ ጽፋለች፣ ፊሻሉን አጥታለች። ምክር ዋጋ ከሌለው፣ አልነካም ያለች ባለሙያ ትከስራለች፤ ሁሉን እሺ የምትለው ትከብራለች። ደንበኞች ለመታየትም መክፈልን መልመድ አለብን።

ተራዬ ደረሰና ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ክሩን አልያዘችም፤ በመጀመሪያ ምን እንደምቀባ ጠየቀችኝ። እናንተም ሳሎን ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ። ሳትጠይቃችሁ እጇን የምትዘረጋ ካጋጠመቻችሁ፣ ዕቃችሁን አውጥታችሁ ራሳችሁ አሳዩዋት።